ዕጢውን ያጠጣው መድኃኒት

መድኃኒቱ የተሠራው ዕጢን በረሃብ ለመግደል ነው። ሴዲራኒብ ይባላል፤ በቀን አንዴ በአፍ የሚወሰድ ክኒን ነው። ወደ ካንሰር ዕጢ የሚዘረጉ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ ያግዳል። ደም ያልደረሰው ዕጢ ምግብም ኦክስጅንም አያገኝምና ይቀጭጫል የሚል ነበር ሐሳቡ። ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች መድኃኒቱን የአንጎል ካንሰር ላገረሸባቸው 30 ሕሙማን ሰጡ፤ በየጊዜውም በዕጢው ውስጥ የሚያልፈውን ደም የሚለካ ኤምአርአይ አነሷቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ውጤት ግን ከታሰበው ጋር ፊትና ጀርባ ሆነ። ከሕሙማኑ በጥቂቶቹ ዕጢ ውስጥ የደም ፍሰቱ ጨምሯል። ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት የቆዩትም እነዚሁ ዕጢያቸው ደም የጠገበባቸው ሰዎች ነበሩ።

መድኃኒቱ አልሠራም እንዳይባል ሰዎቹ ቆይተዋል፤ ሠራ እንዳይባል ደግሞ የተሠራበትን ዓላማ ተቃራኒ አድርጓል። ነገሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሄድ ግድ ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጁዳ ፎክማን የተባሉ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ቤተስዳ፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ማዕከል ግዳጃቸውን ይወጡ ነበር። የታዘዙት ሥራ ከካንሰር ጋር አይገናኝም፤ ለወራት ወደብ ሳይነኩ ለሚጓዙ መርከቦች የሚሆን፣ ሳይበላሽ የሚቆይ የደም ምትክ መፈለግ ነበር። ፎክማንና ባልደረባቸው ፍሬደሪክ ቤከር ከእንስሳ አንገት ያወጡትን ታይሮይድ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኑረው ያዘጋጁትን ፈሳሽ ያዘዋውሩበት ጀመር። አካሉ በእርግጥ ሕይወት እንዳለው ለማወቅ ደግሞ የካንሰር ሴሎች ዘሩበት። ሴሎቹ በቀሉ። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሲሆኑ ግን ቀጥ አሉ። አልሞቱም፤ እነዚያኑ ሴሎች ወደ አይጥ ሲያዛውሯቸው ያለ ገደብ አደጉ። ልዩነቱ በአይጧ ውስጥ ወደ ዕጢው አዳዲስ የደም ሥሮች መዘርጋታቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ ግን አለመዘርጋታቸው ነበር።

ፎክማን ይህን ነገር ይዘው ከረሙ። በ1971 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዕጢ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ለማደግ የራሱን የደም ሥሮች ወደ ራሱ መጥራት አለበት፤ ያንን ጥሪ ማቋረጥ ከተቻለ ካንሰርን ማስቆም ይቻላል አሉ። ለዓመታት ጆሮ የሰጣቸው ጥቂት ነበር። በዕጢ ዙሪያ የሚታየው የደም ሥር ሰውነት ለቁስል የሚሰጠው ተራ ምላሽ ነው የሚሉት ይበዙ ነበር።

ጥሪውን የሚያደርሰው ፕሮቲን ሁለት ጊዜ ተገኘ። በ1983 ሃሮልድ ድቮራክና ባልደረቦቻቸው፣ እነሱም ቦስተን ውስጥ፣ ዕጢ የሚያመነጨውንና የደም ሥርን እንደ ወንፊት እንዲያሳልፍ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለዩ። በ1989 ደግሞ ናፖሊዮኔ ፌራራ የተባሉ ጣልያናዊ ሳይንቲስት፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ጄነንቴክ ኩባንያ፣ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል ፕሮቲን አገኙ። ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ፤ ዛሬ ቪኢጂኤፍ ይባላል። ይህን ልብ ይሏል፦ ሥር የሚያበቅለውም ሥር እንዲያፈስ የሚያደርገውም አንዱ ፕሮቲን ነው። ኋላ ላይ ሐኪሞችን ለዓመታት ያደናገረው ጉዳይ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ቪኢጂኤፍን የሚያስር ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2004 ለአንጀት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። ቀጥሎ ዐይን ያረፈበት ግሊዮብላስቶማ ነበር፤ ከአንጎል ካንሰሮች ክፉው፣ በደም ሥር ብዛትም ከዕጢዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ። ይህ በሽታ ለሕክምና አልመች ብሎ የኖረ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተጠናቀቀ በኋላ ጨረር ይሰጣል፤ በ2005 በ573 ሕሙማን ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ውጤት ከታተመ ወዲህ ቴሞዞሎማይድ የተባለው ኬሞቴራፒ ተጨመረበት። ያ መድኃኒት የሕሙማኑን ግማሽ የሚያሻግረውን ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር አሳደገ። ሁለት ወር ተኩል ማለት ነው። በዘርፉ ላሉ ሐኪሞች ግን ይህ ታላቅ ዜና ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው ተስፋ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ ራኬሽ ጄይን ይገባሉ። ጄይን ሐኪም አይደሉም፤ ሕንድ ውስጥ የተማሩ የኬሚካል መሐንዲስ ናቸው፤ ዕጢን የሚያዩትም መሐንዲስ ፈሳሽ የሚያልፍበትን መስመር በሚያይበት ዐይን ነው። በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ባለው ላቦራቶሪያቸው ለዓመታት የዕጢ የደም ሥሮችን ሲመረምሩ አንድ ነገር ደጋግሞ ታያቸው። ሥሮቹ ብዙ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ከንቱ ነው። የተጠማዘዙ፣ የትም የማያደርሱ፣ እዚህ የሰፉ እዚያ የጠበቡ ናቸው። ከሁሉም በላይ ያፈሳሉ። ሰፈር ውስጥ በየመገጣጠሚያው የሚያፈስ የውኃ መስመር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ጭቃው ይበዛል፣ መጨረሻ ያለው ቤት ግን ባልዲ ይዞ ይጠብቃል። በዕጢውም ውስጥ ከሥሩ የፈሰሰው ፈሳሽ ዙሪያውን ያሳብጣል፤ ግፊቱ ራሱን ሥሩን መልሶ ይጨፈልቀዋል።

ጄይን በ2001 ያቀረቡት ሐሳብ ለፎክማን ተከታዮች እንግዳ ነበር። ቪኢጂኤፍን የሚያግድ መድኃኒት በልኩ ከተሰጠ ሥሮቹን ከማጥፋቱ በፊት ያስተካክላቸዋል አሉ። ትርፍ የሆኑት ይገረዛሉ፤ የቀሩት ይጠነክራሉ፣ ማፍሰስ ያቆማሉ። ያን ጊዜ ደም በደንብ ያልፋል፤ ከደሙ ጋር ኬሞቴራፒውም ኦክስጅኑም ዕጢው ድረስ ይገባል። ኦክስጅን ደግሞ ለጨረር ሕክምና የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፤ ኦክስጅን የተነፈገ የካንሰር ሴል ጨረርን አብዝቶ እንደሚቋቋም ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ዕጢን ማጠጣት ዕጢን ለመግደል መንገድ መጥረግ ነው።

ሐሳቡ ያማረ ነው። በአይጥም ታይቷል። በሰው አንጎል ውስጥ እውነት መሆኑን ግን ራስ ቅል ሳይከፈት እንዴት ማወቅ ይቻላል?

አንድ የአንጎል ዕጢ ያለበት ሰው ኤምአርአይ ሲነሳ ክንዱ ላይ ካኑላ ይደረግለታል፤ ኮንትራስት የሚባለው፣ ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ ይወጋል። ጤነኛ የአንጎል የደም ሥር ይህን ፈሳሽ አያሳልፍም። የዕጢው ሥር ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ የፈሰሰበት ቦታ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል። ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት የዕጢን መጠን የለኩት ይህን ነጭ ቦታ በመለካት ነው። ነጩ ሰፋ ማለት ዕጢው አደገ፣ ጠበበ ማለት ሕክምናው ሠራ ማለት ነበር።

ነጩ የሚያሳየው ግን ፍሳሽን ነው። ጨረርና ቴሞዞሎማይድ ተወስዶ በወራት ውስጥ ሕክምናው ራሱ ሥሮቹን ስለሚያቆስል ነጩ ሊሰፋ ይችላል፤ ዕጢው ያደገ ይመስላል፤ ዕጢው ግን እየሞተ ሊሆን ይችላል። ቪኢጂኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ማፍሰሱን ስለሚያስቆም ነጩ በአንድ ሁለት ቀን ይደበዝዛል፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ይደሰታሉ፤ ዕጢው ግን በጨለማው ውስጥ መስፋፋቱን ሊቀጥል ይችላል። ሥር የሚያበቅለውና ሥር እንዲያፈስ የሚያደርገው አንድ ፕሮቲን ነው ያልኩት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የመለኪያውን መብራት ያጠፋል። ከዚህ የተነሳ በ2010 የዘርፉ ባለሙያዎች የመመዘኛ ደንባቸውን መለወጥ ግድ ሆነባቸው።

የሚያስፈልገው የፈሰሰውን ትቶ የሚፈስሰውን ደም የሚያይ ምስል ነበር። እሱም በዚያው በቦስተኑ ሆስፒታል ውስጥ፣ ለሌላ ጉዳይ ተፈልጎ፣ ቀደም ብሎ ተሠርቷል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የኤምአርአይ ተመራማሪዎች ጋዶሊኒየም ሳይፈስ፣ ገና በሥሩ ውስጥ እያለፈ ሳለ የሚያደርገውን ተመለከቱ። ፈሳሹ መግነጢሳዊ ጠባይ አለው፤ በሥር ውስጥ ሲያልፍ በዙሪያው ያለውን የመሣሪያውን መግነጢሳዊ ሜዳ ያዛባል፤ በዚያች ቅጽበት ምስሉ ይጠቁራል። እንግዲህ ነገሩ ፍጥነት ነው። ኮንትራስቱ በእጅ ቀስ ብሎ ከሚወጋ፣ በመርፌ ማሽን በሰከንድ 4 ወይም 5 ሚሊሊትር እየተገፋ በአንዴ ይገባል። ክንድ ላይ ቅዝቃዜ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ ሕመምተኛው የሚያውቀው ነገር የለም። መሣሪያው ግን በየአንድ ሰከንድ ተኩሉ የአንጎሉን ሙሉ ምስል ይወስዳል። ለእያንዳንዷ ነጥብ አንድ መስመር ይሳላል፦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል፣ ፈሳሹ ሲያልፍ መልሶ ይወጣል። ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቅና ሰፊ እንደሆነ በዚያ ቦታ ያለውን የደም መጠን ይናገራል፤ ፈሳሹ ምን ያህል ፈጥኖ እንዳለፈ ሲጨመርበት ደግሞ የደሙ ፍሰት ይታወቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው።

ጃክ ቤሊቮ የተባሉት ወጣት ተመራማሪ በ1991 ሳይንስ መጽሔት ላይ በዚህ ዘዴ ሰው ዐይኑ ብርሃን ሲያይ የትኛው የአንጎል ክፍል ደም እንደሚጨምር አሳዩ፤ ኤምአርአይ አንጎል ሲያስብ ያየበት የመጀመሪያው ትልቅ ማሳያ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ያለ መርፌ ይህንኑ የሚያሳይ ሌላ ዘዴ መጣና የመርፌው ዘዴ ከዚያ መስክ ወጣ። የአንጎል ሳይንቲስቶች ጥለውት የሄዱትን የዕጢ ሐኪሞች አነሱት።

በ1994 ከዚያው ሆስፒታል የወጣ ጥናት በአንጎል ዕጢ ውስጥ ያለው የደም መጠን ከዕጢው ክፋት ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳየ። ወደ ትንበያ የተሻገረው ግን በ2008 የታተመው የእነ ሜንግ ሎው ጥናት ነው። የ189 ሕሙማንን ምስል ወስደው በዕጢው ውስጥ ያለውን የደም መጠን ከጤነኛው የአንጎል ክፍል ጋር አነጻጸሩ። ከ1.75 እጥፍ በታች በሆነባቸው ግማሾቹ ሕመሙ ሳይባባስ 3,585 ቀን፣ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ቆዩ። ከዚያ በላይ በሆነባቸው 265 ቀን ብቻ። በእርግጥ በጥናቱ ውስጥ ለዘብተኛ ዕጢም ክፉ ዕጢም ያለባቸው ነበሩ፤ ልዩነቱ እንዲህ የገዘፈው በከፊል በዚያ ምክንያት ነው። ቢሆንም ሁለት ደቂቃ የወሰደ ልኬት እንዲህ መለየት መቻሉ ቀላል ነገር አልነበረም።

ችግሩ ማፍሰሱ እዚህም ተከትሎ መምጣቱ ነው። ኮንትራስቱ ገና በመጀመሪያ ሲያልፍ ከዕጢው ሥር ካመለጠ ምስሉን ማጥቆሩ ቀርቶ ያበራዋል፤ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ የደሙ መጠን ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። በጣም የሚያፈስ፣ ማለትም በጣም ክፉ የሆነ ዕጢ ጤነኛ መስሎ ሊቀርብ ነው። ጄሮልድ ቦክሰርማን፣ ካትሊን ሽሜይንዳና ሮበርት ዋይስኮፍ በ2006 ያሳተሙት ሥራ ይህን ያረጋገጠ ነበር፦ ፍሳሹ በሒሳብ ሲታረም የደሙ መጠን ከዕጢው ደረጃ ጋር ይስማማል፤ ካልታረመ አይስማማም። ሌላው መላ ከዋናው መርፌ በፊት ትንሽ ኮንትራስት አስቀድሞ መስጠትና የሚፈሰው ፈሶ ዕጢው ከረካ በኋላ መለካት ነው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ይህ ክፍል ነው፤ ስለ መድኃኒቱ ብዙ ተጽፏል፣ መለኪያውን ስላቃኑት ሰዎች ግን ጥቂት።

አሁን ወደ ቦስተኑ ክኒን እንመለስ። ትሬሲ ባችለር የአንጎል ካንሰር ሐኪም፣ ግሪጎሪ ሶረንሰን የምስል ባለሙያ፣ ጄይን ሐሳቡን ያመጡት መሐንዲስ ነበሩ፤ ሦስቱም በአንድ ሆስፒታል። በ2007 የመጀመሪያዎቹን 16 ሕሙማን ውጤት አወጡ። ሴዲራኒብ በተወሰደ በማግስቱ የዕጢው ሥሮች ጠበቡ፣ ማፍሰሱ ቀነሰ፤ በአንጎሉ ውስጥ የነበረው እብጠት ሟሸሸ። የሚያስገርመው ደግሞ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የታየው ነው። የጎንዮሽ ጉዳት ጠንቶባቸው ክኒኑን ለጊዜው ባቆሙ ሕሙማን ላይ ሥሮቹ ወዲያው ወደ ቀድሞ ብልሽታቸው ተመለሱ፤ መድኃኒቱ ሲጀመር እንደገና ተቃኑ። ጄይን ከአይጥ የተነበዩት በሰው አንጎል ውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ ታየ።

በ2009 አንድ እርምጃ ቀጠሉ። አንዲት ክኒን ብቻ ከተወሰደች በኋላ በማግስቱ የተገኘውን የሥሮች ለውጥ ከአንድ የደም ምርመራ ጋር አዋሕደው አንድ ቁጥር አወጡ፤ ቁጥሩ ከፍ ያለላቸው ሰዎች ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። ይህ በ31 ሕሙማን ላይ የታየ ነው፤ ትንሽ ቁጥር ነው። ትርጉሙ ግን ትልቅ ነበር። በተለመደው መንገድ መድኃኒቱ ለማን እንደሠራ ለማወቅ ሁለት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ለግሊዮብላስቶማ ሕመምተኛ ደግሞ ሁለት ወር ከቀረው ዕድሜ ብዙ ነው። ከዚያ በ2012 መግቢያው ላይ ያልኩት መጣ፦ ፍሰቱ የጨመረላቸው ቆዩ።

2013 ለዚህ መድኃኒት ደስታና ሐዘን አብረው የመጡበት ዓመት ነው። ሬጋል የተባለው፣ 325 ያገረሸባቸው ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ ሴዲራኒብ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ኬሞቴራፒ ጋር ሆኖ፣ ከኬሞቴራፒው ብቻ አልበለጠም። በዚያው ዓመት የእነ ባችለር ቡድን ሌላ ውጤት አቀረበ። አዲስ በሽታው በተገኘባቸው፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ ከሴዲራኒብ ጋር በወሰዱ 40 ያህል ሕሙማን፣ በከፊሎቹ የዕጢው የደም ፍሰት ጨምሮ ቆየ። በነዚሁ ሰዎች ዕጢ ውስጥ ኦክስጅኑም ተሻሽሏል፤ ፍሰቱ ካልጨመረላቸው ሰዎችም 9 ወር ገደማ አብልጠው ኖሩ። ቴሞዞሎማይድ ሁለት ወር ተኩል ብቻ ጨምሮ ዓለምን ያስደሰተ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ዘጠኝ ወር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በቀጣዩ ዓመት የካቲት ደግሞ ትልቁ ዱላ መጣ። ቤቫሲዙማብን ከመጀመሪያው ሕክምና ጋር ያዋሐዱ ሁለት ሰፋፊ ሙከራዎች በአንድ የኒው ኢንግላንድ ጆርናል ዕትም ወጡ። በአንደኛው መድኃኒቱን የወሰዱት 16.8 ወር፣ ያልወሰዱት 16.7 ወር። በሌላው 15.7 እና 16.1። ዕድሜ አልጨመረም። ሕመሙ ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ግን በሁለቱም ረዝሟል፤ ነጩ ቦታ ስለደበዘዘ ይሆን እንዴ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም።

እነዚህን ሁለት ዓይነት ውጤቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል። አማካዩ ምንም ካላሳየ፣ በአማካዩ ውስጥ የተሸሸጉ የተጠቀሙ ሰዎች አሉ ማለት ነው? ወይስ ፍሰቱ የሚጨምርላቸው ሰዎች መጀመሪያውኑ በሽታቸው ለዘብ ያለ ነበር፤ መድኃኒቱም ባይሰጣቸው ይቆዩ ነበር? ሁለተኛው ውኃ የሚያነሳ ጥርጣሬ ነው። ከሕሙማን መካከል በኋላ ተመርጠው የታዩ፣ ቁጥራቸው ያነሰ ቡድኖች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብቻቸውን መመለስ አይችሉም። ጄይንና ባችለር ወደ መጀመሪያው ያዘነብላሉ። በእኔ እይታ ኦክስጅኑ አብሮ መሻሻሉ የነሱን ክርክር ያጠነክራል እንጂ አይዘጋውም።

በዚያው 2013 ነሐሴ ላይ ኖርዌያዊው ኪሬ ኤምብለምና ባልደረቦቻቸው በኔቸር ሜዲሲን ያሳተሙት ሥራ ክርክሩን ወደ ሥሮቹ ቅርጽ አወረደው። በአንድ መርፌ ሁለት ዓይነት ምልክት አብረው ለኩ፤ አንዱ ለትላልቅም ለትናንሽም ሥሮች፣ ሌላው በተለይ ለጥቃቅኖቹ ስሜት ያለው ነው። ኮንትራስቱ ሲያልፍ ሁለቱ ምልክቶች እኩል አይነሡም፣ እኩል አይወርዱም። አንዱን በአንዱ ላይ ሲስሉት መስመሩ ሄዶ በሄደበት አይመለስም፤ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ መዞሩ ወይም በተቃራኒው መዞሩ በዚያች ነጥብ ውስጥ የሚበዙት ደም አምጪ ወይስ ደም መላሽ ሥሮች መሆናቸውን ይጠቁማል፤ ስፋቱና ርዝመቱም ስለ ሥሮቹ መጠንና ስለሚያደርሱት ኦክስጅን ይናገራሉ። ከ30 ሕሙማን በ10ሩ ሴዲራኒብ ሥሮቹን ወደ ጤነኛ አወቃቀር እንደመለሳቸው ታየ። የቆዩትም እነሱ ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን በ2015 የማይመች ነገር መጣ። ካትሊን ሽሜይንዳ የመሩት፣ በበርካታ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በአንድ ሙከራ ውስጥ የተካሄደ ጥናት ቤቫሲዙማብ የወሰዱ ያገረሸባቸው ሕሙማንን አየ። በሁለተኛው ሳምንት የዕጢያቸው የደም መጠን የቀነሰባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። የጨመረባቸው ቶሎ ሞቱ። ከቦስተኑ ጋር ሲነጻጸር ግልባጩ ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ቦስተኖች ያዩት በዋናነት ፍሰትን ነው፤ እነ ሽሜይንዳ ያዩት መጠንን። ያበጠና የተጠማዘዘ የደም ሥር ብዙ ደም ይዞ ይቆማል፤ ሲቃና ይጠባል፣ የያዘው ደም ያንሳል፣ የሚያልፍበት ደም ግን ሊፈጥን ይችላል። መጠን ወርዶ ፍሰት መውጣቱ ተቃርኖ አይሆንም። መድኃኒቶቹም ይለያያሉ፤ ቤቫሲዙማብ ፕሮቲኑን ደም ውስጥ የሚያስር ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ ሴዲራኒብ ሴሉ ጥሪውን የሚቀበልበትን በር የሚዘጋ ክኒን ነው። በዚህ ላይ ጊዜው አለ፤ ጄይን ራሳቸው ከመጀመሪያው የተናገሩት ሥሮቹ የሚቃኑበት ጊዜ መስኮት አጭር መሆኑን፣ መድኃኒቱ ሲበዛ ሥሮቹን ማጥፋት እንደሚጀምር ነው። በማግስቱ የተለካና በሁለተኛው ሳምንት የተለካ አንድ ነገር ላይነግሩ ይችላሉ።

ግን ማስታረቅ የሚቻለው ቁጥሮቹ የሚነጻጸሩ ከሆኑ ነው። አልነበሩም። አንዱ ሆስፒታል ኮንትራስት አስቀድሞ ይሰጣል፣ ሌላው አይሰጥም፤ አንዱ ፍሳሹን በሒሳብ ያርማል፣ ሌላው እንዳለ ያነባል፤ የመሣሪያው ቅንብርም እንደየቤቱ ነው። በአንድ ሆስፒታል 1.75 የሆነው በሌላው 1.4 ወይም 2 ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛ ሆስፒታል ቢቀይር ዕጢው የተለወጠ ሊመስል ነው።

በ2020 ቦክሰርማንና ሽሜይንዳ ከሌሎች የዘርፉ ሰዎች ጋር የጋራ ቅንብር አወጡ። ሰነዱን ላነበበ ጉራማይሌ ቁጥር ነው፤ ልቡ ግን አንዲት ማዕዘን ላይ ነው። መሣሪያው ምልክቱን የሚቀሰቅስበትን ማዕዘን ከተለመደው 60 ዲግሪ ገደማ ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ካደረጉት፣ የፈሰሰው ኮንትራስት ምስሉን የማብራት ኃይሉ ይዳከማል፤ ያኔ አስቀድሞ መስጠቱ አያስፈልግም፤ አንድ መርፌ ይበቃል። 60 ዲግሪውን የሚመርጥ ግን አስቀድሞ ሙሉ መርፌ መስጠት አለበት። ጋዶሊኒየም ተደጋግሞ ሲወሰድ ጥቂቱ አንጎል ውስጥ እንደሚቀር ከ2014 ጀምሮ ከታወቀ ወዲህ የአንዷ መርፌ መንገድ ይበልጥ ተመራጭ እየሆነ ነው። በዚህ ቅንብር የተነሳ ምስል ከየትም ሆስፒታል ቢመጣ ራዲዮሎጂስቱ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይችላል፤ ቦስተንና እነ ሽሜይንዳ የተለያዩበትን ጥያቄም፣ ደሙ ሲጨምር ነው ወይስ ሲቀንስ ለሕመምተኛው የሚበጀው የሚለውን፣ በአንድ ሚዛን መዝኖ መጠየቅ የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው።